ቁጥቡ ጠርሙስ

ይህ ታሪክ ጠብታ ውሸት ካለበት የጣርማ በር ዋሻ ይደርመስብኝ! የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረጻድቅ ከአሥራ አምስት ቀን የአዲስ አበባ ሴሚናር ሲመለስ፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ ወንዝ በሚያደርቅበት በዚያ የካቲት፣ "ሞታ ይሆን?" እያለ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወደ መስታወቱ ገንዳ ሮጠ። ያቺ አንዲት ቀይ አሳው ትዋኛለች። ውሃው በእስክሪብቶ ካሰመረው መስመር ፀጉር ታህል አልጎደለም።

"አብዱልሀሚድ፣ ና እይ!" ሲል አሳዋን የሰጠውን ጎረቤቱን ጠራ። "አንተ በግሉኮስ ቱቦ ይንጠባጠብላት አልክ። እኔ የአረቄ ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ አፉን ገንዳው ውስጥ ደፋሁት። ሲጎድል ራሱ ይጨምራል! ጣና ላይ ብተክለው ዓባይ በጋ ከክረምት አይጎድልም!" ጠርሙሱን በኩራት መታ መታ አደረገው። "ቁጥብነቱስ! እስካሁን ሙሉ ነው!"

"ወላሂ፣ ሙሉ ነው" አለ አብዱልሀሚድ ጎንበስ ብሎ።

"የማይበላ አሳ አልጠብቅም" ብላ ምላ የነበረችው የገብረጻድቅ ሚስት ሸዋወርቅ በስኒ ውሃ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። አሳዋ ስታያት ወደ እሷ ፈጥና ዋኘች።

"የጠርሙሱን ቡሽ እኮ አልነቀልከውም" አለች ቀስ ብላ።