ዘይት ያልነካው በር

ሚስቱ አልበሙን ስትከፍተው፣ ጊታሪስቱ ስህተት ሊለቅም ጆሮውን አቀና። «ያለ ዘፋኝ ባንድ የት ይደርሳል?» ብሎ ጥሏቸው ቢወጣ፣ የባንዱ ጓደኞቹ በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ተክተው ይኸው የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ቃል የለው፣ ግጥም የለው፤ ሙዚቃው እንደ ጭጋግ ቀስ እያለ ሳሎኑን ሞላው። «የልጁ ጣት ይንቀጠቀጣል» አለ። ጣቱ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ እሱም ያውቀዋል።

መሀል ላይ መሣሪያው ሁሉ ጸጥ አለና አንድ ነገር ሲጢጥ አለ።

«ውይ! የኛ በር አይደለም እንዴ?» ሚስቱ በሳቅ ፍርስ አለች። እውነትም፣ ድሮ ባንዱ እዚሁ ግቢ ሲለማመድ የቀዳው የብረት በራቸው ድምፅ ነበር። «አየህ፣ አንተ ብትቀርም በራችን ገባልን!»

እሱ አልሳቀም። የዘይት ቆርቆሮውን አንስቶ ወጣ።

«ስንት ዓመት ለምኜህ እንቢ ያልከውን ዛሬ?» አለችው፣ የሙዚቃውን ያንኑ ቦታ መልሳ እየከፈተች።

በሩን አንዴ ቀስ አድርጎ ገፋው። ሲጢጥ ሲል፣ የአልበሙ ጊታር ከሳሎን ልክ በሩ ባቆመበት ድምፅ ተቀበለው። እሱ ሲጫወት እንዲህ አሳምሮ የተቀበለው ሰው አልነበረም። ዘይቱን ጠብታ ሳያስቀር ማጠፊያው ላይ ገለበጠው።