ጮራ የበላው ዋንጫ

የሱሉልታው ጮራ ክለብ በታሪኩ የበላው ዋንጫ አንድ ብቻ ነው። በ1978 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በተደረገ የፍጻሜ ጨዋታ የሰበታውን አዋሽ ኮከብ አንድ ለባዶ አሸንፎ ያመጣው ነው። ግቧን በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው አምበሉ ደገፋ ነበር።

ዘንድሮ ዋንጫው አርባ ዓመት ሞላው። የክለቡ ሊቀመንበር ተድላ ትልቅ በዓል ለማዘጋጀት አሰበና የክለቡን ታሪክ እንድታሰናዳ የደገፋን ልጅ ቤቴልን ለመናት። ቤቴል ባንክ ቤት ነው የምትሠራው። ኳስ ብዙም አትወድም። እሺ ያለችው ካቻምና ለሞቱት አባቷ ስትል ነው።

ከያኔው ተጫዋቾች አንዱ ናቸው ተብሎ በበዓሉ ላይ ካባ እንዲለብሱ የተመረጡት ኦቦ ጉታ ነበሩ። የዚያ ዘመን ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ያንን ጨዋታ እንደ ኦቦ ጉታ አድርጎ የሚያወራ በከተማው የለም። በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ቤት ያወሩታል። የአዋሽ ኮከብ ተከላካይ የገዛ በረኛውን ምን ብሎ እንደሰደበው፣ ደገፋ ኳሷን መሬት ሲያስቀምጥ ስንት ጊዜ አንስቶ እንደመለሳት ሳይቀር ያውቃሉ።

ቤቴልም ይህን እየሰማች ነው ያደገችው፤ ጎረቤት ናቸው። የኦቦ ጉታ ቤት የቆመው አባቷ ከግቢያቸው ቆርሰው በሰጧቸው ቦታ ላይ ነው። የሰጧቸውም ዋንጫው በመጣ በዓመቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቡድኑ ፎቶ ነው። ቤቴል ለበዓሉ ልታሳትመው አውጥታ ስታየው አሥራ አንዱም ተጫዋቾች አሉ፣ ተቀያሪዎቹ አሉ፣ አሠልጣኙ አለ፣ ውኃ የሚያቀብለው ሰውዬ እንኳ አለ። ኦቦ ጉታ የሉም።

ይዛላቸው ሄደች። የግቢያቸውን አጥር ሲያድሱ አገኘቻቸው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ጉታ?» ብላ ሰላም አለቻቸውና ፎቶውን ሰጠቻቸው።

ከዓይናቸው አርቀው አዩትና መለሱላት። ለፎቶ የጠራኝ ሰው የለም አሉ። የት ቦታ ይጫወቱ እንደነበር ስትጠይቃቸው ሳቁ።

«ሜዳው ሙሉ የኔ ነበር» አሉ።

ማሊያቸውን ለኤግዚቢሽኑ እንዲያውሷት ስትጠይቃቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ። ጨዋታው በተደረገበት በዚያው ሳምንት እንዳቃጠሉት ነግረዋት ወደ አጥራቸው ዞሩ።

ቤቴል እያሰላሰለች ተመለሰች። የአባቷ ማሊያ እስከ ዛሬ ታጥፎ በእናቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ዋንጫ የበላበትን ማሊያ የሚያቃጥል ምን ዓይነት ሰው ነው?

በፎቶው ላይ ካሉት በሕይወት የቀሩት በረኛው አቶ ፍቅረሥላሴ ብቻ ነበሩ። ስኳር በሽታ ከቤት ካዋላቸው ቆይቷል። ቤታቸው ስትሄድ በፎቶው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ በስማቸው ጠሩላት። የኦቦ ጉታን ስም ስታነሳ ግን ፎቶውን መለሱላት።

«ሜዳ ውስጥ ነበር» አሉ። «አባትሽን የምትወጂ ከሆነ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

ይህን ካሉ ወዲያ ለቤቴል እንቅልፍ አልነበረም። አባቷ ትዝ አሏት። ኦቦ ጉታ ያንን ጨዋታ ማውራት ሲጀምሩ አባቷ ላሞቹን ልይ ብለው ይወጡ ነበር። ኦቦ ጉታ የጠየቁትን ግን አንድም ቀን እምቢ ብለው አያውቁም፤ ድርቆሽ ሲሉ ድርቆሽ፣ በሬ ሲሉ በሬ። ሰውየው አንዳች ነገር ይዞባቸው እያስፈራራ ቦታቸውን ወስዶባቸዋል፤ ባልተጫወተበት ጨዋታም ክብር ለምዷል። እንደ ቤቴል አስተሳሰብ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም ነበር።

ለኮሚቴው ነገረች። ኮሚቴው ኦቦ ጉታን አስጠራ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ቤቴል በሰው ፊት አንድም ጨዋታ ለጮራ እንዳልተጫወቱ ነገረቻቸው።

«እኔ ተጫወትኩ ያልኩት መቼ ነው?» አሉ።

«ታዲያ ያን ቀን ሜዳ ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?»

ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ካባው ይቅርብኝ» አሉ። «ታሪኩንም እንዳለ ተዪው።»

ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ለቤቴል ይህ አመኑ ማለት ነው። ተድላ ግን ጠንቃቃ ሰው ነው። በስተርጅና ሰው ከማዋረዳችን በፊት ከወዲያኛው ቡድን ምስክር እንስማ አለ።

ቅዳሜ ሁለቱም ሰበታ ወረዱ። በፉሪ በኩል የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ያላቸውን አቶ ውብአየሁን ጠይቀው አገኟቸው። የአዋሽ ኮከብ ተከላካይ ነበሩ፤ ፍጹም ቅጣት ምቱ የተሰጠው በእሳቸው ጥፋት ነው ይባላል። ከጮራ እንደመጡ ሲነግሯቸው ወንበር አቀረቡላቸው። ያንን የጮራ ልጅ አልነካሁትም፣ በገዛ እግሩ ነው የወደቀው ብዬ ብምል የሚያምነኝ አጣሁ፣ የሰበታ ሰው እንኳ ዛሬም ድረስ ይስቅብኛል አሉ። ቤቴል የተሸናፊ ወሬ ነው ብላ አለፈችው። የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ነው።

ስልኳን አውጥታ የኦቦ ጉታን ፎቶ አሳየቻቸው። ይህ ሰው ያን ቀን ሜዳ ውስጥ እንዳልነበረ ከአፋቸው መስማት ፈልጋለች።

አቶ ውብአየሁ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። 

«አርጅቷል» አሉ። «ግን እሱ ነው። ነበረ።»

ቤቴል ፊቷ ጠቆረ። የጠየቀው ተድላ ነው።

«ለማን ነበር የተጫወተው?»

«ለእናንተ ነዋ» አሉ አቶ ውብአየሁ። «ዳኛው እሱ ነበር።»