ለምለሙ መስመር

መሐንዲሷ ቅጿን በብብቷ ይዛ በሆስፒታሉ ጓሮ የሳር መስመር ተከትላ ትሄዳለች። ዝናብ ከጠፋ አራት ወር ሆኖታል፤ ግቢው ሁሉ ደርቋል። ይህች ወርዷ አንድ ክንድ የማይሞላ መስመር ብቻ ከቦይለር ክፍሉ ግድግዳ ተነስታ አንድ አሮጌ ቤት ድረስ ለምልማለች።

ከኋላዋ የቦይለሩ ሠራተኛ ይከተሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት ውሃ ሲያፈሉ ስለኖሩ ግቢው ውስጥ ጋሽ እንፋሎት ነው የሚባሉት። ጠዋት ቦይለሩን ሲያሳዩዋት፣ «ናፍጣ ጠጪ ነው፤ ሰክሮ ግን አያውቅም» ብለው አስቀዋት ነበር። አሁን ጨዋታው ጠፍቶባቸዋል።

የመጣችው ለአገሪቱ የካርቦን ቅነሳ ዕቅድ ነው። የስልሳ ሆስፒታሎች ቦይለሮች ናፍጣ ትተው በኤሌክትሪክ እንዲሠሩ ታስቧል። ስንት ኃይል እንደሚፈልጉ የሚሰላው ዛሬ በሚያቃጥሉት ናፍጣ ልክ ነው። ቅጹን ሞልታ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሄድ ትችል ነበር። ግን በእንፋሎቱ የሚታጠበው የሆስፒታሉ አንሶላ እኩለ ቀን ላይ እያለቀ ቦይለሩ እስከ ማታ ማጓራቱ ከነከናት።

መስመሩ የተቆለፈ በር ሥር ያልቃል። በሩን በመዳፏ ትነካዋለች፤ ይሞቃል።

ምን ቤት እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። ልብስ ማድረቂያ እንደነበረና ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈው እየነገሯት ቁልፉን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ውስጡ ባዶ ነው። ሙቀቱ ግን ፊቷን ይገርፋታል። ከሳሩ ሥር ውሃ እያፈሰሰ የመጣው የእንፋሎት ቱቦ ማንም ልብስ የማያሰጣበትን ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያሞቅ ኖሯል።

«ያውቁ ነበር፣ ጋሼ?»

ጋሽ እንፋሎት አንገታቸውን ይደፋሉ።

«የቱቦው መዝጊያ ቫልቭ እኔው ጋ ነው ያለው፣ ልጄ። ብዘጋው ቦይለሩ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለውም። እሱ ሥራ ከሌለው ደግሞ እኔን ምን ያደርጉኛል? ዝም አልኩ።»

መሐንዲሷ አትቆጣም። ሌላ ነገር ነው ልቧን የሳበው፤ ሌሎቹ ሆስፒታሎች ውስጥስ? ስትጠይቃቸው ቀስ በቀስ አፋቸው ይፈታል። አብረዋቸው የሠለጠኑ ጓደኞች በየሆስፒታሉ አሉ። አንዱ የፈረሰ ወጥ ቤት ያሞቃል፤ ሌላው እንፋሎቱ ወዴት እንደሚሄድ ጨርሶ አያውቅም። እሷ ቅጹን ገልብጣ ባዶው ጀርባ ላይ ትጽፋለች። በዚህ ናፍጣ ልክ ቢታቀድ ለባዶ ክፍሎች ሁሉ ኤሌክትሪክ ሊሳብላቸው ነበር።

«ስለ ሥራዎ ቃል ልገባልዎ አልችልም» ትላቸዋለች። «እነዚህን ቱቦዎች ግን ያለ እርስዎ አላገኛቸውም። አብረውኝ እንዲዞሩ እጠይቃለሁ።»

ጋሽ እንፋሎት ወደ ቦይለሩ ክፍል ተመልሰው የዛገውን ቫልቭ ሊዘጉት በሁለት እጃቸው ይታገሉታል፤ በስተመጨረሻ እሺ ይላቸዋል። የግፊት መለኪያው መርፌ ሽቅብ ይወጣል። ግፊቱ ሲሞላ እሳቱ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ክፍሉ ጭር ይላል።

ከግድግዳው ማዶ አንሶላ የሚያጥፉት ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። «ጋሽ እንፋሎት ምን ሆኑ?» ትላለች አንዷ።

እሳቸው እጃቸው ቫልቩ ላይ እንዳለ፣ በዚህ ሰዓት ሰምተውት የማያውቁትን የሰው ድምፅ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ።