በጋቢ የተሸፈነው ፊት

እሑድ ከሰዓት በኋላ በአረጋውያን መጦሪያው በረንዳ ላይ የነበሩት አቶ ደርበውና ለጣሪያው ማሠሪያ በቲክቶክ ላይቭ እርዳታ የምታሰባስበው ፍሬሰላም ነበሩ።

«አባባ፣ ሰው ፊት ካላየ እጁ አይፈታም እኮ!»

«ድምፄ ይበቃሻል፤ ፊቴን ተዪው» አሉና በጋቢያቸው ተሸፈኑ።

አንድያ ልጃቸው «አባዬን ማን ያስታምመዋል?» እያለች ሽማግሌ ስትመልስ ቢያዩ፣ ሞተዋል ብላ እንድታገባ ከቤት ከጠፉ ዓመት አልፏቸዋል።

ስለሚያፈሰው ጣሪያ መናገር እንደጀመሩ ፍሬሰላም ከስልኩ ላይ አንድ አስተያየት ጮክ ብላ አነበበች፦

«አባዬ! ድምፅህ አይጠፋኝም። ለቅሶህን ተቀመጥን። ዘንድሮም ሽማግሌ መጣ፤ ሐዘን ላይ ነኝ ብዬ መለስኩት። ይኸው ከሌን አላወለቅሁም።»

አቶ ደርበው ጋቢውን ከፊታቸው ገልጠው መጦሪያው ያለበትን ሰፈር ተናገሩ።