የድምፅ ቅጂውን ያስጠፋው መምህር

«አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው!»



መምህሩ ክላስ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። የምክር አገልግሎት ባለሙያ ሊሆኑ የሚማሩ ልጆችን ነው የሚያስተምረው... የሰው ችግር እንዴት እንደሚደመጥ!

በልምምድ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ካማከረው ሰው ጋር ያወራውን ቀድቶ ያመጣል። ሰውየው ፈቅዶ ነው፤ ስም አይጠራም። ክላሱ ይሰማል፣ መምህሩ ያርማል።

የዛን ቀን ተራው የአንዲት ዓይናፋር ተማሪ ነበር። ስልኳን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የአንዲት ወጣት ድምፅ ተሰማ።

«...እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። ጠዋት መነሳት ራሱ ያስጠላኛል። ቤት ውስጥ ግን ስስቅ ነው የምውለው...»

«ለቤተሰብ ነግረሻል?» ትላለች ተማሪዋ ቅጂው ላይ።

«ለአባቴ? እሱ እኮ የሰው ችግር ሲሰማ ውሎ...»

ይኼኔ ነው መምህሩ የጮኸው።

ተማሪዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ጥሩ ነው የጠየቅሻት...» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ያንቺን ስራ ሌላ መምህር ነው የሚያየው።»

«ለምን?»

«አትጠይቂኝ።»

ከኋላ አንዱ ቀልደኛ «ቲቸር ራሱ አማካሪ ሳያስፈልገው አይቀርም» አለ። የተወሰኑት ሳቁ... መምህሩ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ በሩን የከፈተችለት ያለችው አንድ ልጁ ናት።

«አባዬ! ዛሬ በጊዜ መጣህ?» አለችው ፈገግ ብላ።

አዎ... ከስልኩ የወጣው የእሷ ድምፅ ነበር!

ማንም አያውቀኝም ብላ ከከተማው ማዶ ያለ ክሊኒክ ሄዳ ነው የተነፈሰችው። እዛ ለልምምድ ተመድባ ያማከረቻት ልጅ የአባቷ ተማሪ መሆኗን አታውቅም። ተማሪዋም የማን ልጅ እንደሆነች አታውቅም።

የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው... እሱ ደግሞ እንዳላወቀ መሆን አለበት።

እዛ የተወራ እዛው ይቀራል፣ ለእናትም ለአባትም አይነገርም ብሎ የሚያስተምረው ራሱ ነዋ! ሰምቻለሁ ቢላት ዳግመኛ ለማንም አፏን አትከፍትም። ዝም ቢል ደግሞ አንጀቱ እንዴት ይቻለው? (ከዚህ የባሰ ፈተና አለ እንዴ ጎበዝ!)

«ልጄ... ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባዬ። አንተ ግን ደክሞሃል፣ አረፍ በል።»

ስንቱን ሰው ማናገር ያስተማረ ሰውዬ፣ የገዛ ልጁን የሚጠይቀው ሁለተኛ ጥያቄ አጣ። ልጅቷ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እሱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ...

ወዳጆቼ፣ ጉልበታችንን ለውጭ ሰው ጨርሰን ለቤታችን ድካማችንን ብቻ ይዘን ስንገባ፣ ልጆቻችን ዝም የሚሉን ጠልተውን አይደለም። አዝነውልን ነው። እና «ደህና ነኝ» ስትባሉ ቶሎ አትመኑ።

እናንተ በአባትየው ቦታ ብትሆኑ የሰማችሁትን ትነግሯት ነበር ወይስ እስክትነግራችሁ ትጠብቁ ነበር? እኔ በበኩሌ መልሱ ጠፍቶኛል... እስቲ ኮመንት ላይ አውጡኝ።