የታጁ ጀልባ ክብደት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባትሪ በመግጠም የሚስተካከለኝ የለም፤ አራት ሰው የሚያነሳውን እኔ በአንድ እጄ ነው። አምና ለዓሣ አጥማጁ ታጁ ለጀልባው ሞተር የገጠምኩለት ባትሪ፣ ማሰሪያ ቀበቶው ላልቶ፣ ተንሸራተተና ጀልባዋ ተገለበጠች፤ እሱም ሰመጠ። እኔ ግን ነፋስ ነው ብያለሁ።

ነገ ወንድሙ ሰላሀዲን በዚያችው ጀልባ ለዓሣ ይወጣል። ዛሬ ዓሣ የሚያጠምዱበት ግድብ ዳር ሁለት ትልልቅ የሶላር ባትሪ ከኋላዋ አስሬ ወረድኩ። ሰው የሌለባት ጀልባ ግን ወደ ፊት አዘነበለች።

"ፊቷን ምን አከበደው?" አልኩ።

"ታጁ፣ አላህ ይርሀመውና፣ እዚያ ነበር የሚቀመጠው" አለች አጠገቤ የቆመችው የታጁ ሚስት ሀምዳ። "ዘንድሮስ ቀበቶውን አጥብቀውታል፣ ጋሽ ከተማ?"

"እኔን ነው የምትጠይቂው? ዝሆን ቢጎትተው አይላላም።"

ሁለታችንም ዳር ቆመን ሳለ የጀልባዋ ፊት ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ኋላዋ ዝቅ አለ። ከዚያ የባትሪው ቀበቶ ብቻውን፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እያለፈ፣ ጠበቀ።