የሐዘንተኛው ፍራሽ

«ለቅሶ ቤት ቆሞ አይዋልም፤ ይግቡ ወንድሜ፣ ይግቡ!» ብዬ በክርኔ ገፋ አደረግኩት። ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ጎልማሳ ነው። የሐዘንተኛው የሳሌህ ወዳጅ መሰለኝ። ለቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ ማን ነህ፣ ከየት ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰውዬው ግራ ቀኝ አየና ባዶ ያገኘው አንድ ፍራሽ ላይ ሄዶ ዘፍ አለ።

ወይ ጉድ! የሐዘንተኛው ቦታ ነው። ለሳሌህ ብለን ባዶውን የተውነው።

ተነሥ አይባል ነገር። ንፍሮ በሰሃን አቀረብኩለት። በብብቱ የያዘውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ባለ አንበሳ ማኅተም ፋይል። ለካ ሰውዬው ለቅሶ አልመጣም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው የመጣው።

ሳሌህ የመናዊ ነው፤ ጭድ ተራ ጥግ ሱቅ አለው። ጎረቤቴን ጠሂራን ካገባ ሦስት ዓመቱ። ሚስቴ ኢትዮጵያዊት ናትና ከእሷ ጋር እዚሁ ልኑር ብሎ የመኖሪያ ፈቃድ ካመለከተ ዓመት አልፎታል። ነገ ተመለስ፣ ነገ ተመለስ ነው መልሱ። ባልና ሚስት መሆናችሁን ቤታችሁ መጥተን እናያለን ቢሏቸውም እስከ ዛሬ ዝር ያለ አልነበረም። በዚህ መሃል እናትህ በጠና ታማለች የሚል ቴሌግራም መጣ። የመውጫ ፈቃድ ቢጠይቅ ሁለት ወር ሊያስጠብቁት ነው። በአሰብ በኩል በጀልባ ሹልክ ብሎ ሄደ። መሄዱ ከታወቀ ግን ፋይሉ ይዘጋል፤ ከሚስቱም ጋር መኖር ቀረ ማለት ነው።

ከትናንት በስቲያ ሁለተኛ ቴሌግራም ደረሰን። «እናቴን ቀበርኳት» ይላል። ጠሂራ እግሬ ላይ ወድቃ «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ በአላህ፣ ድንኳኑ ይቅር። ሰው ይሰማል» አለችኝ። እኔ የዕድሩ ሴቶች ሰብሳቢ ነኝና ደሜ ፈላ። ሳሌህ የስንታችንን ሬሳ ተሸክሟል! የባሌን ሳጥን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በትከሻው ያደረሰው ማን ሆነና! «ለእሱ እናት ድንኳን ካልተተከለ ዕድሩ ይፍረስ!» አልኩ። ተተከለ።

ሰውዬው ከንፍሮው ቆንጠር አደረገና እንባ ያሳበጠውን የጠሂራን ፊት ልብ ብሎ አየው።

«ሟቿን ታውቂያት ነበር?»

«አይቻት አላውቅም። የባሌ እናት ናት።»

«ባልሽስ የት አለ?»

«ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ አሁን እዚህ...» ብዬ በሐሰት ልምል ስጀምር ጠሂራ እጄን ያዘችኝ።

«ተይ እትዬ። በእናቱ ሞት አልዋሽም።» ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረች። «ሊቀብራት ሄዷል። በአሰብ ነው የወጣው። ፈቃድ የለውም።»

ሰውዬው የንፍሮውን ሰሃን ወደ ጎን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ፊቱ ራሱ ቅጭም አለ። «ጉዳዩ ሳይወሰን ከአገር የወጣ ሰው ፋይሉ ይዘጋል» አለ ቀስ ብሎ። «ሰምቼ እንዳልሰማሁ እንዴት ልሁን፣ እህቴ?» ፋይሉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ አወጣ።

ይቺን ምላሴን በቆረጣት! ድንኳን ካልተተከለ ብዬ ባል አሳጣኋት።

የአብነት ሰፈር ዕድርተኞች እያለቀሱ የገቡት ይኼኔ ነው። ከፊት እማማ ሠርኬ ናቸው፤ ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል። በሰው ተመርተው በቀጥታ ወደ ሐዘንተኛው ቦታ ሄዱና እዚያ የተቀመጠውን ሰው አንገቱን አቅፈው ለቅሷቸውን ለቀቁት።

«ልጄን! እናትህን በሰው አገር ተረዳህ! አፈር ሳታለብሳት ቀረህ፣ ልጄን!»

እሱ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ለቅሶ ላይ ያቀፈን ሰው ማን ይገፋል? የእማማ ሠርኬ እንባ ካፖርቱን አራሰው። እስክሪብቶው ከእጁ ወድቆ ፍራሹ ላይ ተንከባለለ። ሰውዬው ጠሂራን አየ። ከዚያ እጁን የአሮጊቷ ጀርባ ላይ አደረገ።

«ደርሼላታለሁ፣ እማማ» አለ። «ቀብሬያታለሁ።»

«ተመስገን! ተመስገን! ለልጅ ከዚህ በላይ ምን አለ!»

ጠሂራ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች። ሳሌህን በመልክ የማያውቁት የቀሩትም ዕድርተኞች ተራ በተራ «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት «አሜን» እያለ የሁሉንም ተቀበለ። ሲጨርሱ ፋይሉን ምንም ሳይጽፍበት አጥፎ ተነሣ።

«አርባዋ መቼ ነው?»

«ሠላሳ አምስት ቀን ይቀረዋል» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«እንግዲህ ለቅሶ ቤት ሥራ አይሠራም። ያን ቀን እመጣለሁ።» ፍራሹን በአገጩ አመለከተ። «ያን ቀን ባለቦታው ካልተቀመጠበት ግን የምጽፈውን እጽፋለሁ።»

ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ስሟ ማን ነበር?»

«ሱሀይር» አለች ጠሂራ።

«ነፍስ ይማር» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

«በአርባዋ ድረስ» የሚል ቴሌግራም ዛሬውኑ እንድንልክለት ተነጋገርን። ባሕሩ ይፍቀድለት፣ ጠባቂው ዓይኑን ይጨፍንለት እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ሌላ ለቀስተኛ ከመግባቱ በፊት ብዬ ሰውዬው ተቀምጦበት የጎደጎደውን ፍራሽ ላስተካክል ጎንበስ አልኩ። ጠሂራ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው እትዬ» አለችኝ። «ሰው የተቀመጠበት ይምሰል።»